መተግበሪያው መልስ ይስጥ፦ የተጠቃሚ ተሞክሮ አነዳደፍ ደረጃ በደረጃ

ገጾቹ ያማሩ ናቸው። ቀለሙ በጥንቃቄ ተመርጧል፣ ምልክቶቹ ተስለዋል፣ አለቃም ደንበኛም አይተው ወደውታል። መተግበሪያው በወጣ በሳምንቱ ግን ሰዎች የጀመሩትን ሳይጨርሱ ይወጣሉ፣ አንዱን ቁልፍ ደጋግመው ይጫናሉ፣ «አልሠራልኝም» ብለው ይደውላሉ። ይህ የሚደርስባቸው ዲዛይነሮች አብዛኛውን ጊዜ ችሎታ አንሷቸው አይደለም። የነደፉት ሁሉም ነገር የተሟላበትን ቀን ብቻ ስለሆነ ነው፤ ኢንተርኔቱ የማይቆራረጥበትን፣ ተጠቃሚው የማይሳሳትበትን፣ ዝርዝሩ በመረጃ የሞላበትን ቀን። እንዲህ ያለ ቀን ብርቅ ነው።

ሰው ከአንድ መተግበሪያ ጋር የሚላመደው ለነካው ሁሉ መልስ ሲያገኝ ነው። የሚከተለው ቅደም ተከተል ይህን መልስ ከመጀመሪያው አስቦ ለመንደፍ የተዘጋጀ ነው። ደረጃዎቹን አይዝለሉ፤ በተለይ አራተኛውንና አምስተኛውን፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እነዚህ ላይ ነው። እንደ ምሳሌ የሕክምና ቀጠሮ ማስያዣ መተግበሪያን እንከተላለን።

ከመጀመርዎ በፊት

- ወረቀትና እርሳስ ያዘጋጁ። የንድፍ ሶፍትዌሩን እስከ ደረጃ 7 ድረስ አይክፈቱት። ቀደም ብሎ የተከፈተ እንደሆነ እጅ ወደ ቀለምና ወደ ጥላ ይሄዳል፤ የሐሳቡ ጉድለት በውበቱ ይሸፈናል።
- አሮጌ ስልክ ይፈልጉ። ፍጥነቱ የቀነሰ፣ ስክሪኑ ትንሽ የሆነ ቢሆን ይመረጣል። እርስዎ የሚሠሩበት አዲስ ስልክ ችግሮችን ይደብቅብዎታል።
- መተግበሪያውን በመሥራት ላይ ያልተሳተፉ አምስት ሰዎችን ከአሁኑ ያነጋግሩና የሚገናኙበትን ቀን ይቁረጡ። «ሲያልቅ እንፈልጋለን» ያለ ቡድን ሰው ሳያገኝ መተግበሪያውን ያወጣል።
- ከፕሮግራመሩ ጋር አንድ ሰዓት ይቀመጡ። ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ የትኛው መረጃ ከየት ይመጣል? የትኛው ይዘገያል? የትኛው ሊከሽፍ ይችላል? መልሱን ጽፈው ይያዙ፤ በደረጃ 4 እና 5 ያስፈልግዎታል።

ደረጃ 1፦ አንድ ሥራ ይምረጡ

«የቀጠሮ መተግበሪያ እንነድፋለን» ማለት ገና ሥራ አይባልም። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ «ልጇን ትኩሳት የያዘባት እናት፣ በአንድ እጇ ልጇን እንዳቀፈች፣ ለነገ ጠዋት የሕፃናት ሐኪም ቀጠሮ ትይዛለች።» ማን፣ በምን ሁኔታ፣ ምን እስኪያገኝ ድረስ፤ ሦስቱም አሉ።

«በአንድ እጇ» የሚለው ብቻውን ብዙ ነገር ይወስናል። ዋናው ቁልፍ አውራ ጣት በሚደርስበት፣ በስክሪኑ የታችኛው ክፍል ይሆናል። ረጅም ነገር መተየብ አይኖርም። በመሃል ልጁ አልቅሶ ስልኩን ብታስቀምጠው፣ ስትመለስ የጀመረችው እንዳለ ይጠብቃታል። ይህ ሁሉ አንድም መስመር ሳይሣል የተወሰነ ንድፍ ነው።

ዓረፍተ ነገሩ አልቋጭ ካለ ሁለት ሥራ ተደባልቆበታል ማለት ነው። ይለያዩዋቸውና ብዙ ሰው በሚፈልገው ይጀምሩ።

ደረጃ 2፦ ሥራው ዛሬ እንዴት እንደሚሠራ ይመልከቱ

ከሦስት እስከ አምስት ሰው በቂ ነው። «እንዲህ ያለ መተግበሪያ ቢኖር ይጠቀሙ ነበር?» ብለው አይጠይቁ፤ ሰው ለትሕትና ሲል «አዎ» ይላል። «ባለፈው ቀጠሮ ሲይዙ ምን አደረጉ? ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» ይበሉና ያዳምጡ። የት እንደጠበቁ፣ ማንን እንደጠየቁ፣ ምን ወረቀት ላይ ምን እንደጻፉ ይመዝግቡ።

የሚናገሩትን ቃል ሳያስተካክሉ እንዳለ ይጻፉ። «የአገልግሎት ዘርፍ» ሲል የሰሙት ሰው ከሌለ፣ ያ ቃል በገጹ ላይ አይግባ። ሰው የሚለው «የልጆች ሐኪም» ከሆነ ገጹም እንደዚያ ይበል።

ደረጃ 3፦ መንገዱን ይሳሉ፣ ከዚያ ይቀንሱ

1. ተጠቃሚው የሚያደርገውን እያንዳንዱን ነገር በየራሱ ቁራጭ ወረቀት ይጻፉና በተርታ ይደርድሩ።
2. አንዱን ቁራጭ ያንሱና «ይህ ባይኖር ምን ይጎድላል?» ብለው ይጠይቁ። የሚጎድል ነገር ከሌለ ወረቀቱ አይመለስ።
3. መተግበሪያው ራሱ ሊያውቀው የሚችለውን ሰውን አይጠይቁ። ባለፈው የተመረጠ ሐኪም ካለ በመጀመሪያ እሱን ያሳዩ።
4. ምዝገባን ወደ መጨረሻ ይግፉት። ክፍት ሰዓት መኖሩን ሳያይ የይለፍ ቃል እንዲፈጥር የተጠየቀ ሰው በሩ ላይ ይመለሳል።
5. ከየትኛውም ገጽ ወደ ኋላ የሚያስኬድ መንገድ ይኑር። ተመላሹ የሞላው ሁሉ እንዳለ ይቆየው።

ማንኛውም ነገር ከሦስት ንክኪ በላይ መራቅ የለበትም የሚል ልማድ አለ። አይመኑት። አምስት ቀላል ንክኪ ከሁለት አስጨናቂ ንክኪ ይሻላል። የሚቆጠረው ተጠቃሚው ቆሞ ለማሰብ የተገደደበት ቦታ ነው። አንድ ገጽ ላይ ሦስት ውሳኔ ከታጨቀ ለሦስት ይክፈሉት።

ደረጃ 4፦ ለእያንዳንዱ ገጽ አምስት መልክ ይሳሉ

እዚህ ጊዜ ይውሰዱ። አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ያስምሩ፦ ወደ ታች የገጾቹ ስም፣ ወደ ጎን ባዶ፣ በመጠበቅ ላይ፣ ጎደሎ፣ የከሸፈ፣ ሙሉ። እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ትንሽ ንድፍ ይግባ። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ገጹ አላለቀም፤ ዲዛይነሩ የተወውን ሳጥን ፕሮግራመሩ በጥድፊያ ይሞላዋል፣ ያም ለተጠቃሚው ይደርሳል።

«የእኔ ቀጠሮዎች» የሚለውን ገጽ እንውሰድ።

ባዶ። ሰው መተግበሪያውን መጀመሪያ ሲከፍት የሚያየው ይህን ነው፤ አብዛኛው ንድፍ ግን ይህን ይረሳል። «ምንም መረጃ የለም» ተስፋ ያስቆርጣል። «የያዟቸው ቀጠሮዎች እዚህ ይታያሉ» ይበልና ከሥሩ «ቀጠሮ ይያዙ» የሚል ቁልፍ ያስቀምጥ። ባዶነት ሦስት ዓይነት መሆኑንም ይለዩ፦ ገና ያልተጀመረ፣ ተፈልጎ ያልተገኘ፣ ሁሉም ያለቀ። ተፈልጎ ላልተገኘው መፍትሔው ፍለጋውን ማስፋት ነው፤ ሁሉም ላለቀበት ሰው ደግሞ «የሚጠብቅዎት ቀጠሮ የለም» ማለት እፎይታ ነው።

በመጠበቅ ላይ። መረጃው እስኪመጣ ገጹ ነጭ ሆኖ አይቆይ። የሚመጣውን ነገር ቅርጽ በግራጫ ሳጥኖች ያሳዩ። መረጃው ሲደርስ ሳጥኖቹ በነበሩበት ቦታ ይተካ፤ ገጹ ከተንሸራተተ ጣት ያላሰበውን ይነካል።

ጎደሎ። ሐኪሙ ፎቶግራፍ የለውም። ስሙ 40 ፊደል ነው። ያለው ቀጠሮ አንድ ብቻ ነው፤ ወይም 200 ነው። በንድፍዎ ላይ ሆን ብለው እጅግ አስቸጋሪውን መረጃ ያስገቡ። ተመሳሳይ ርዝመት ባላቸው ስሞችና በሚያምሩ ፎቶግራፎች የተሠራ ንድፍ እውነተኛ መረጃ ሲገባበት ይፈርሳል። ጽሑፉ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚተረጎም ከሆነም ሊረዝም ስለሚችል ቁልፎቹ እንዲሰፉ ቦታ ይተው።

የከሸፈ። ኢንተርኔት ተቋርጧል። ቀደም ሲል የታየው መረጃ ስልኩ ላይ ካለ እሱን ያሳዩና መቼ የተጫነ እንደሆነ ከላይ ይጻፉ። ተጠቃሚው የሞላው ቅጽ ካለ በፍጹም አይጥፋ። አንድ ሰው ስምንት መስመር ሞልቶ፣ ኔትወርኩ ተቋርጦ፣ ቅጹ ባዶ ሆኖ ቢጠብቀው ሁለተኛ አይሞላውም።

ሙሉ። ይህን መጨረሻ ላይ ይሳሉት። ከአምስቱ ሁሉ ቀላሉ እሱ ነው።

ሠንጠረዡ በጣም ከበዛብዎ ገጾቹ በዝተዋል ማለት ነው፤ ወደ ደረጃ 3 ተመልሰው ይቀንሱ። ሳጥኖቹን ለመዝለል አይፈተኑ።

ደረጃ 5፦ ለእያንዳንዱ ንክኪ መልስ ይወስኑ

በነደፍኩት የቀጠሮ ቅጽ ላይ አንዲት ሴት ስትሞክር አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። «ይላኩ» የሚለውን ቁልፍ ተጫነች። ቁልፉ አልደበዘዘም፣ አልተንቀሳቀሰም። ሁለት ሰከንድ ያህል ጠበቀች፤ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፤ እንደገና ተጫነች። አሁንም ዝም። በሦስተኛው ጣቷን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ወዲያው ሦስት የማረጋገጫ መልእክት ተከታትሎ ገባ፤ ሦስት ቀጠሮ ተይዞላታል። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ መሰለኝ» አለችኝ በሐፍረት። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ቁልፉ እንዲያምር እንጂ እንዲመልስ አላሰብኩም ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ መልሱ ያልተጻፈለት ቁልፍ አላስረክብም።

የሚከተሉትን የጊዜ ልኮች ይያዙ፦

- እስከ 0.1 ሰከንድ፦ ተጠቃሚው ነገሩ ወዲያው እንደተደረገ ይሰማዋል። ማንኛውም ቁልፍ ሲነካ በዚህ ጊዜ ውስጥ መልኩን ይቀይር፤ ሥራው ገና ባያልቅም መነካቱ ይታወቅ።
- እስከ 1 ሰከንድ፦ መዘግየቱ ይታወቃል፣ ሐሳብ ግን አይቋረጥም። ከዚህ ያለፈ ከሆነ ሥራ ላይ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ያውጡ።
- ከ10 ሰከንድ በላይ፦ ሰው ሐሳቡን ወደ ሌላ ያዞራል። ምን ያህል እንደተሠራ ያሳዩ፣ ማቋረጫ ይስጡ፤ ከተቻለም «ሌላ ነገር መሥራት ይችላሉ፤ ሲያልቅ እናሳውቅዎታለን» ይበሉ።

ከ1 ሰከንድ በታች ለሚያልቅ ሥራ የሚሽከረከር ምልክት አያሳዩ። ብልጭ ብሎ የጠፋ ምልክት የተበላሸ ነገር ይመስላል።

ከዚያ እያንዳንዱን ቁልፍ ከሦስቱ በአንዱ ይመድቡ።

ቀላልና የሚመለስ ሥራ፣ ለምሳሌ ሐኪምን ወደ ምርጫ ዝርዝር መጨመር፤ ውጤቱን ወዲያው ያሳዩ፤ መላኩ ከጀርባ ይከናወን። መላኩ ከከሸፈ ቀድሞ ወደነበረው ይመልሱትና ይንገሩት።

ሌላ ሰው ወይም ገንዘብ የሚነካ ሥራ፣ ለምሳሌ ቀጠሮ መያዝ ወይም ክፍያ፤ ጥያቄውን የሚቀበለው ማእከላዊ ኮምፒውተር እስኪያረጋግጥ «ተይዟል» አይበሉ። ቁልፉ አንዴ ከተነካ ይቆለፍ፤ በላዩ ላይ «በመላክ ላይ» ይበል። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ፕሮግራመሩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ልዩ መለያ ቁጥር እንዲሰጥና ያው ጥያቄ ሁለቴ ቢደርስ አንዴ ብቻ እንዲቆጠር ያድርግ። ሦስቱን ቀጠሮ የሚከለክለው ይህ ነው።

የሚያጠፋ ሥራ፤ መመለስ የሚቻል ከሆነ «እርግጠኛ ነዎት?» እያሉ ከማስጨነቅ ሥራውን ፈጽመው ለጥቂት ሰከንዶች «ይመለስ» የሚል ቁልፍ ያሳዩ። መመለስ የማይቻል ከሆነ ብቻ ያስጠይቁ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ «ቀጠሮውን መሰረዝ ይፈልጋሉ?» ከሚለው ጥያቄ ሥር «ሰርዝ» እና «እሺ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች። «ሰርዝ» ምኑን ነው የሚሰርዘው? ቀጠሮውን ወይስ ጥያቄውን? ቁልፎቹ ሙሉውን ይናገሩ፦ «ቀጠሮውን ይሰርዙ» እና «ቀጠሮው ይቆይ»።

ደረጃ 6፦ ቃላቱን ይጻፉ

ቃላትን መጨረሻ ላይ ለሌላ ሰው አይተዉ። በንድፉ ውስጥ የሚገባ ጽሑፍ ሁሉ እውነተኛው ይሁን፤ ለቦታ መሙያ የተጻፈ ትርጉም የለሽ ጽሑፍ ገጹ ይሥራ አይሥራ አያሳይም።

የስህተት መልእክት ምን እንደሆነ፣ ከታወቀ ለምን እንደሆነ፣ አሁን ምን ማድረግ እንደሚቻል ይናገር። «ስህተት ተፈጥሯል፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» ከሦስቱ አንዱንም በቅጡ አይናገርም። ይህን ያስተያዩት፦ «የመረጡትን ሰዓት አሁን ሌላ ሰው ይዞታል። በዚያው ቀን 4፡30 እና 5፡15 ክፍት ናቸው።» ሁለቱ ሰዓቶች የሚነኩ ቁልፎች ቢሆኑ ተጠቃሚው አንድም ነገር ሳይደግም ይቀጥላል።

ለቅጾች፦

- የመስመሩ ስም ከሳጥኑ በላይ ይጻፍ። ሳጥኑ ውስጥ በግራጫ የተጻፈ ስም መተየብ ሲጀመር ይጠፋል፤ ሰውም ምን እየሞላ እንደነበር ይዘነጋል።
- ስህተትን ተጠቃሚው መስመሩን ጨርሶ ሲወጣ ይንገሩት። ገና ሁለት ቁጥር ሲጽፍ «የተሳሳተ ስልክ ቁጥር» ማለት ማቋረጥ ነው። ሲያስተካክል ግን ቀዩ ጽሑፍ ወዲያው ይጥፋ።
- ስልክ ቁጥርን በክፍተትም በሰረዝም ይቀበሉ። ማጽዳት የኮምፒውተሩ ሥራ ነው።
- መልእክቱ ከተሳሳተው መስመር አጠገብ ይውጣ፤ ከገጹ አናት ላይ ብቻውን አይሰቀል።

በአማርኛ ሲጽፉ ሌላም ውሳኔ አለ። «ያዝ» ወንድን ብቻ ያዛል፤ «ይያዙ» ለሁሉም ይሆናል። አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው ይጽኑ፤ በአንድ ገጽ «አንተ»፣ በሚቀጥለው «እርስዎ» የሚል መተግበሪያ የሁለት ሰው ድምፅ አለው። ለአንድ ነገርም አንድ ስም ይስጡ፦ እዚህ «ቀጠሮ» እዚያ «ምዝገባ» ያሉ እንደሆነ ተጠቃሚው ሁለት ነገር ይመስለዋል።

ጽሑፉን ጮክ ብለው ያንብቡት። ፊት ለፊት ለቆመ ሰው የማይሉት ነገር ከሆነ እንደገና ይጻፉ።

ደረጃ 7፦ መልኩን ይስጡት

አሁን የንድፍ ሶፍትዌሩን ይክፈቱ። እስከዚህ የመጣ ሰው የሚቀረው ሥራ እንደሚፈራው አይደለም።

- የሚነካ ነገር ሁሉ በቂ ስፋት ይኑረው። አፕል ቢያንስ 44 በ44 ነጥብ፣ ጉግል ለአንድሮይድ ቢያንስ 48 በ48 ዲፒ ይመክራሉ፤ ነጥብና ዲፒ በስክሪን ላይ ያለ ነገር መጠን የሚለካባቸው አሃዶች ናቸው። ምልክቱ ራሱ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ የሚነካው ስፍራ ግን አይነስ።
- የጽሑፉና የጀርባው የብርሃን ልዩነት ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1 ይሁን። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያዎች የሚያስቀምጡት ልክ ይህ ነው፤ ነጭ ላይ ያረፈ ቀጭን ግራጫ አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል።
- በቀለም ብቻ አይናገሩ። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸገር ሰው አለና ከቀለሙ ጋር ቃል ወይም ምልክት ይጨምሩ።
- የስልኩን የፊደል መጠን እጥፍ አድርገው ገጹን ይክፈቱ። ጽሑፍ ከተቆረጠ ወይም ቁልፍ ከስክሪኑ ከወጣ ያስተካክሉ።
- በአንድ ገጽ አንድ ዋና ቁልፍ ብቻ ጎልቶ ይታይ። የሚያጠፋውን ቁልፍ ከእሱ ያርቁት።

ደረጃ 8፦ እንቅስቃሴና ንዝረት

እንቅስቃሴ አንድ ነገር ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሄደ ካላሳየ ይቅር። ከ200 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ለአብዛኛው ይበቃል፤ በመጀመሪያው ቀን የሚያስደስት ዘገምተኛ እንቅስቃሴ በአሥረኛው ቀን እንቅፋት ነው። ንዝረትን ለተጠናቀቀ ወይም ለከሸፈ ትልቅ ሥራ ያስቀምጡት።

ማስጠንቀቂያ፦ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ የሚብለጨለጭ ነገር በፍጹም አይሥሩ፤ ብርሃን የሚቀሰቅሰው የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጎዳ ይችላል። ስልኩ ላይ «እንቅስቃሴ ይቀነስ» የሚለውን ምርጫ ያበራ ሰው ካለም መተግበሪያው ይታዘዘው።

ደረጃ 9፦ በሰው ይፈትኑ

አምስቱ ሰዎች አሁን ይምጡ። በ1993 እ.ኤ.አ. የአጠቃቀም ተመራማሪዎቹ ጃኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር ባቀረቡት ቀመር መሠረት፣ አንድ ሞካሪ በአማካይ ከችግሮቹ 31 በመቶውን የሚያጋልጥ ከሆነ አምስት ሞካሪዎች 85 በመቶ ያህሉን ያጋልጣሉ። ስለዚህ አሥራ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ከመጥራት በአምስት አምስት ሦስት ጊዜ መፈተን፣ በየመሃሉም ማረም ይሻላል።

1. «የምንፈትነው መተግበሪያውን ነው፤ እርስዎን አይደለም» ብለው ይጀምሩ። ይህን ያልሰማ ሰው ሲቸገር ዝም ይላል።
2. ሥራውን በሁኔታ ይንገሩት፦ «ልጅዎን አሞታል፤ ነገ ጠዋት ሐኪም እንዲያየው ይፈልጋሉ።» ቁልፉ ላይ ያለውን ቃል አይጥቀሱ፤ ከጠቀሱ ቃሉን ፈልጎ ይጫናል።
3. የሚያስበውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ይጠይቁት።
4. ከዚያ ዝም ይበሉ። ይህ ከሁሉ ይከብዳል። «ይህን ልጫን?» ብሎ ሲጠይቅ «ብቻዎን ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» ይበሉት።
5. ሥራው መሃል ሲደርስ የስልኩን ኢንተርኔት ያጥፉት። የደረጃ 4 ሥራዎ የሚፈተነው እዚህ ነው።
6. ሁለተኛ ሥራ ይስጡትና በአንድ እጁ ቦርሳ አስይዘው ያሠሩት።
7. የቆመበትን ቦታና የተናገረውን ቃል ይጻፉ። «ወደዱት?» ብለው አይጠይቁ።

ሁለተኛውም ሦስተኛውም ሰው አንዱ ቦታ ላይ ከቆመ፣ አራተኛው ከመምጣቱ በፊት ያንን ያርሙ። ሁሉም ያለ ችግር ካለፉ ሥራውን ሲነግሯቸው ፍንጭ ሰጥተው እንደሆነ ይመርምሩ። ሞካሪው «ጥሩ ነው» እያለ ጣቱ የሚያመነታ ከሆነ ጣቱን ይመኑ።

ደረጃ 10፦ ያስረክቡ፣ ከዚያም ይቁጠሩ

ለፕሮግራመሩ ሥዕል ብቻ አይስጡ። የአምስቱን መልክ ሠንጠረዥ፣ የእያንዳንዱን ቁልፍ መልስ፣ የመልእክቶቹን ትክክለኛ ቃል፣ የእንቅስቃሴውን ርዝመት በሚሊሰከንድ ጨምረው ያስረክቡ። የመጀመሪያው ሥሪት ሲደርስ አሮጌው ስልክ ላይ አብረው ይክፈቱት። «ጊዜ የለም፣ የከሸፈውን ገጽ በኋላ እንሠራለን» ከተባሉ፣ ከጌጡ ቀንሰው ያንን ገጽ ያድኑ።

መተግበሪያው ከወጣ በኋላ አራት ነገር ይቁጠሩ፦ ስንት ሰው ሥራውን ጀመረ፣ ስንቱ ጨረሰ፣ የትኛው ገጽ ላይ አቋረጡ፣ የትኛው ቁልፍ በተከታታይ ተደጋግሞ ተነካ። ተደጋግሞ የተነካ ቁልፍ መልስ ያልሰጠ ቁልፍ ነውና ከእሱ ይጀምሩ። ብዙ ሰው የሚያቋርጥበትን ገጽ ደግሞ ከሠንጠረዡ ላይ ያውጡና አምስቱን ሳጥኖች ከእውነተኛው መተግበሪያ ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ።